ዓሦቼ ታመው ነው ወይስ ፈርተው?

የደረሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦

«ሰላም፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ትንሽ ኩሬ አለችኝ፣ ኮይና ጎልድፊሽ የሚባሉ የጌጥ ዓሦች አሉባት። ጥልቀቷ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ ቀን ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ ረጅም ግራጫ ወፍ ውሃው ውስጥ ቆሞ አየሁ። ጮኼ ስወጣ በረረ። ሁለት ኮይ የሉም፣ አንዱ ጀርባው ላይ ቆስሏል። የቀሩት ይኸው 9 ቀናቸው፣ ታች ጥግ ላይ ተጠጋግተው ንቅንቅ አይሉም። ድሮ ከእጄ ነበር የሚበሉት፣ አሁን ጭራሽ ሲያዩኝ ይሸሻሉ። ውሃው ጠዋት ጠዋት 52 ፋራናይት ነው። እናቴ ‹ዓይን በልቷቸው ነው› ትላለች። ባለቤቴ ወፉን በወንጭፍ ካልመታሁ እያለ ነው። ታመው ይሆን? ውሃውን ልቀይር? መድኃኒት ልጨምር? አዲስ ኮይስ ልግዛ?»

እህቴ፣ ከጻፍሽው ተነስቼ ስገምት አልታመሙም። ፈርተዋል። የፈሩት ደግሞ በምክንያት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን አስቀምጪው፣ ውሃውንም ገልብጠሽ አትቀይሪ። እናትሽም ቢሆኑ ግማሹን አግኝተውታል፤ በላተኛስ አለ፣ ግን ይሄኛው መንቁር ያለው ነው።

ያየሽው ወፍ ግሬት ብሉ ሄሮን መሆን አለበት። በፖቶማክ ወንዝ ዳር በሽ ነው። ሲቆም ቁመቱ ከ1 ሜትር ይበልጣል፣ ክብደቱ ግን ከ2 ኪሎ ተኩል ብዙም አይዘልም፣ ሁሉ ነገሩ እግርና አንገት ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄደሽ የምታውቂ ከሆነ አባ ኮዳዎቹን አይተሻል። እነሱ ዓሣ አጥማጁ የሚጥለውን ትርፍራፊ ቆመው ይጠብቃሉ። ሄሮን ለማኝ አይደለም፣ አዳኝ ነው። ጥልቀት የሌለው ቦታ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ይገተራል፣ ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ከዚያ አንገቱን ይወረውራል። ትንሹን ዓሣ እንዳለ ይውጠዋል። ለጉሮሮው የሚከብደውን ደግሞ አንዳንዴ ወግቶ ይተወዋል። የቆሰለው ኮይሽ የዚህ ዕጣ ደርሶት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዓሦቹ እንምጣ። ዓሣ በዓይኑ ብቻ አይደለም የሚፈራው፣ በሽታም ይፈራል። በማሽተት ማለቴ ነው። ኮይም ጎልድፊሽም ቆዳቸው ውስጥ ልዩ ሕዋሳት አሏቸው። እነዚህ ሕዋሳት የያዙት ኬሚካል ቆዳው ካልተቀደደ አይወጣም። ሲቀደድ ግን ውሃው ውስጥ ይፈሳል፣ ሌሎቹም ይሸታቸዋል፣ በቃ፣ ግርግሩ ይጀመራል፤ መጀመሪያ ይበታተናሉ፣ ወዲያው ደግሞ ይሰበሰባሉ፣ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ከዚያ ድርቅ ብለው ይቀራሉ። ይህን ነገር በ1938 ለዓለም ያሳወቀው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ነው። ያ የንቦችን ጭፈራ ትርጉም በመፍታቱ የምናውቀው፣ በ1973 ኖቤል የተካፈለው ሰውዬ። አንዲት የቆሰለች ትንሽ ዓሣ ወደ መንጋዋ ስትመለስ መንጋው በድንጋጤ ሲሸሽ አይቶ ነው ነገሩን መከታተል የጀመረው። ይህ የማስጠንቀቂያ ሽታ በደንብ የሚታወቀው ካርፕ በሚባለው ዓሣ ወገኖች (ኮይና ጎልድፊሽም ከዚያው ናቸው) እና በዘመዶቻቸው ነው። በነገራችን ላይ የእኛው አምባዛም ከዚሁ ሰፊ ቤተሰብ ነው፤ ቆሮሶ ግን ከሌላ ነው።

እንግዲህ ሄሮኑ ሁለቱን ሲወስድ፣ ሦስተኛውን ሲያቆስል ኩሬሽ በዚያ ሽታ ተሞልቶ ነበር ማለት ነው። ኬሚካሉ ራሱ ግን ብዙ አይቆይም፣ በሰዓታት ውስጥ ኃይሉን ያጣል። «ሽታው እንዲለቅ ውሃውን ልቀይረው» ብለሽ ከሆነ ከ9 ቀን በኋላ የሚለቅ ነገር የለም።

የሚቆየው ትምህርቱ ነው። ዓሣ ያንን የቆዳ ሽታ ከአንድ አዲስ ነገር ጋር አንድ ጊዜ ካገናኘው፣ ከዚያ ወዲያ ሽታው ባይኖርም ያንን ነገር ሲያገኘው ይሸሻል። ይህ በላብራቶሪ ተደጋግሞ የታየ ነው። አንዴ ይበቃል። «የጎልድፊሽ ትውስታ 3 ሴኮንድ ነው» የሚባለውን እርሺው፣ ጎልድፊሽ የተማረውን ለወራት ይይዛል። በካርፕ ላይ ደግሞ በ1970 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት አለ፤ አንድ ጊዜ በመንጠቆ ተይዞ የተለቀቀ ካርፕ ከዓመት በኋላ እንኳ ለመያዝ ያስቸግር ነበር። ኮይ ማለት ያው ካርፕ ነው፣ ልብሱ ማማሩ ብቻ።

ይባስ ብሎ ፍርሃት ሰውነትን የሚለውጥበት ጊዜም አለ። የጎልድፊሽ የቅርብ ዘመድ የሆነው ክሩሺያን ካርፕ፣ ፓይክ የሚባለው አዳኝ ዓሣ ካለበት ውሃ ውስጥ ሲኖር ጀርባው ከፍ፣ ሆዱ ዝቅ እያለ ይሰፋል። ለመዋጥ እንዳይመች። ስዊድን ውስጥ ነው የተጠናው፣ በ1992 ታተመ። የአንቺ ጎልድፊሾች በአንድ ሄሮን ምክንያት ይሰፋሉ እያልኩ አይደለም። አዳኝን ምን ያህል ከምር እንደሚወስዱት እንድታዪው ነው።

እና ያን ጠዋት ምን ተማሩ? ይሄ ነው ቁም ነገሩ። ረጅም ነገር፣ ኩሬው ዳር የሚቆም፣ ከላይ ጥላ የሚጥል። አሁን ራስሽን አስቢው፦ አንቺም ምግብ ይዘሽ የምትመጪው ጠዋት ነው፣ የምትቆሚው ዳር ላይ ነው፣ ከላይ ጎንበስ ብለሽ ነው የምታዪአቸው። ከውሃው ውስጥ ሆነው ሲያዩሽ ከሄሮኑ የምትለዪበት ነገር ብዙ አይደለም። አትቀየሚያቸው።

ታመዋል ወይስ ፈርተዋል የሚለውን ለመለየት ዛሬ ከሰዓት ፀሐይ ስታርፍበት ራቅ ብለሽ ተቀመጪና ለ10 ደቂቃ ያህል ዝም ብለሽ እዪአቸው። ቆመሽ ሳይሆን ተቀምጠሽ። የፈራ ዓሣ ከሌሎቹ ጋር ይሰበሰባል፤ ተጠጋግተው፣ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው፣ ከሥር ወይም ከድንጋይ ሥር ታገኚአቸዋለሽ። የታመመ ዓሣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይነጠላል። ብቻውን ጥግ ይይዛል፣ ክንፎቹን ሰውነቱ ላይ ያጣብቃል፣ ሚዛኑ ያጋድላል። ጥገኛ ተውሳክ ያለበት ከሆነ ጎኑን ድንጋይ ላይ ሲያሽ፣ በድንገት ብልጭ ብሎ ሲገላበጥ ታዪዋለሽ። ኦክስጅን ያነሰው ደግሞ ጭራሽ ወደ ታች አይወርድም፣ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ አየር ይለምናል፣ ወይም ፏፏቴው ሥር ይቆማል። ከጭንቅላቱ ጎንና ጎን ያለውን የመተንፈሻ ክዳንም እዪው። በዝግታና በእኩል ምት ከተከፈተና ከተዘጋ ጥሩ ነው። ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ እንደሮጠ ሰው የሚያለከልክ ከሆነ ግን ነገሩ ፍርሃት ብቻ አይደለም፣ ውሃውን መርምሪ።

ውሃውን ለማንኛውም መርምሪው። አሞንያና ናይትራይት (ከዓሣ ኩስና ከበሰበሰ ምግብ የሚመጡ መርዞች) ዜሮ መሆን አለባቸው። ይህን የምልሽ ሄሮኑ ውሃውን መርዞታል ብዬ አይደለም፤ ባለፉት 9 ቀናት «ምናልባት ይበሉ ይሆናል» እያልሽ የጣልሽው ምግብ ታች በስብሶ ሊሆን ስለሚችል ነው። እውነቱን ለመናገር ከእንዲህ ዓይነት ጉብኝት በኋላ ዓሣ ሲሞት ብዙ ጊዜ ገዳዩ ወፉ ሳይሆን ከወፉ በኋላ የመጣው የባለቤቱ ጭንቀት ነው። ምግብ ይደፋል፣ መድኃኒት ይጨመራል፣ ውሃው በሙሉ ይቀየራል፣ ዓሦቹ በመረብ እየታደኑ ወደ ባልዲ ይገባሉ። ለዓሣው እኮ ሁለተኛ ሄሮን መጣበት ማለት ነው። ያልተበላ ምግብ ካለ አውጪ። አሞንያ ከታየ ከውሃው ሩቡን ያህል ብቻ ቀይሪ። የቧንቧ ውሃ ስትጨምሪ ደግሞ የክሎሪን ማጥፊያውን እንዳትረሺ። እናንተ ጋ ውሃው አብዛኛውን ዓመት ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞንያ ውህድ) አለው፣ በጸደይ ለተወሰኑ ሳምንታት ደግሞ ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ክሎራሚን በባልዲ አሳድረሽው አይተንም።

ስለ ምግብ ብዙ አትጨነቂ። 52 ፋራናይት ማለት 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከ50 ፋራናይት በታች ሲሆን ጭራሽ አይመገቡም ብንል ይሻላል፣ የምግብ መፈጨቱ በጣም ስለሚዘገይ። በዚህ ቅዝቃዜ ጤነኛ ኮይ ለሳምንታት ሳይበላ ቢቆይ ምንም አይሆንም። እንዲያውም አለመብላታቸው ምን ያህሉ ከፍርሃት፣ ምን ያህሉ ከብርዱ እንደሆነ አሁን መለየት ይከብዳል። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ግን ረሃቡ ራሱ ይገፋቸዋል።

ያኔ እንዲህ አድርጊ። ከመቆም ተቀመጪ፣ በርጩማ ላይ ይሁን መሬት ላይ። ዓሣ ከውሃው በላይ ያለውን ዓለም የሚያየው በራሱ አናት ላይ ባለ ክብ መስኮት በኩል ነው፣ ዝቅ ያለ ነገር በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቆ ትንሽ ሆኖ ይታየዋል። ፀሐይዋ ከኋላሽ እንዳትሆን፣ ጥላሽ ውሃው ላይ ያርፋል። ሰዓቱንም ከንጋት ወደ ከሰዓት አዙሪው። ቦታውም ይቀየር፣ ወፉ ከቆመበት ሌላ ዳር። ላይ የሚንሳፈፈውን ሳይሆን የሚሰጥመውን ምግብ ስጪ፣ ቁንጥር ታህል ብቻ፣ ከዚያ ተነስተሽ ሂጂ። መጀመሪያ የሚደፍረው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ጎልድፊሽ ነው። እሱ በልቶ ምንም እንዳልሆነ ሲያዩ ሌሎቹ ይከተላሉ። ትልልቆቹ ኮዮች መጨረሻ ይመጣሉ። ከእጅሽ ለመብላት ወራት ሊፈጅባቸው ይችላል፣ አንዳንዱም አይመለስም። እውነቱ ይሄ ነው።

ከተደበቁበት ለመውጣት ስንት ቀን ይፈጃል ካልሽኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ አዳኝ ከሆነ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ። የድንጋጤው ሆርሞን፣ ኮርቲሶል የምንለው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፤ አደጋው ካልተደገመ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሚጎዳው ሲደጋገም ነው። በየቀኑ የሚደነግጥ ዓሣ የመከላከል አቅሙ ይወርዳል፣ ድሮም ውሃው ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ ያኔ ዕድል ያገኛል።

ስለዚህ ሁለት ሳምንት አልፎ ውሃውም ሞቆ አሁንም ካልወጡ፣ እኔ የምጠረጥረው ዓሦቹን አይደለም። ወፉን ነው። እየተመለሰ ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ የቀናው ሄሮን ቦታውን አይረሳም፣ በተለይ አሁን ጫጩት የሚመግብበት ወቅት ነው፣ የሚመጣው ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ነው። አንቺ አንድ ቀን አየሽው፣ እነሱ በየቀኑ እያዩት ሊሆን ይችላል። ርካሽ የበር ካሜራ ወደ ኩሬው አዙሪና ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ያለውን እዪው። በዚያውም ሌላ እንግዳ እንዳለ ታውቂያለሽ። የአበባ ማሰሮ ተገልብጦ፣ ድንጋይ ተንሸራትቶ፣ የውሃው ተክል ተጎትቶ ካገኘሽ ያ ሄሮን አይደለም፣ ሌሊት የሚመጣ ራኩን የሚባል ትንሽ አውሬ ነው። ሄሮን ንጹሕ ሌባ ነው፣ ምናልባት ዳር ላይ ነጭ ኩስ ትቶ ይሄዳል እንጂ ዕቃ አይነካም።

መፍትሔው መረብ ነው። ሌላ ሌላውን ብዙ ሰው ይሞክራል፣ መጨረሻው ግን መረብ ነው። አሁን የውሃ አበባው ቅጠል ገና አላወጣም፣ ዓሦችሽ ከላይ ምንም መሸሸጊያ የላቸውም፣ ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበይ። መረቡ ተወጥሮ ከውሃው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ከረገበ ሄሮኑ ላዩ ላይ ቆሞ በቀዳዳው ይወጋቸዋል። ደግሞ የረገበ መረብ እባብና ትንንሽ ወፍ ይጠላልፋል፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው። ከሥር መደበቂያ አስገቢላቸው፤ ሰፊ የፕላስቲክ ቱቦ፣ በሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ፣ ትልቁ ኮይሽ ሳይቧጨር የሚያልፍበት። መደበቂያ ከሰጠሻቸው ጭራሽ አይወጡም ብለሽ እንዳትሰጊ። ተቃራኒው ነው። መሸሻ እንዳለው የሚያውቅ ዓሣ ነው ደፍሮ የሚወጣው።

ኩሬሽ ዳር ዳሩን ለአበባ ማስቀመጫ የተሠራ ደረጃ ካለው እሱ ለሄሮኑ መግቢያ በር ነው። እዚያ ላይ ቆሞ ነው የሚያድነው። ማሰሮ ደርድሪበት፣ መቆሚያ አሳጪው። ወደፊት ኩሬውን የምታሰፊ ከሆነ ደግሞ ዳሩ ቀጥ ብሎ ወደ 1 ሜትር የሚወርድ ይሁን። እንቅስቃሴ ሲያይ ውሃ የሚረጨው መሣሪያም ይረዳል፣ ቦታውን ካፈራረቅሽለት። የፕላስቲኩን ሄሮን ግን አትግዢ። «ሌላ ወፍ አለ ብሎ ይሄዳል» ይባላል፣ ሳይንቀሳቀስ ሲያየው ግን ቶሎ ይለምደዋል፣ አንዳንዴም እዚህ ሰፈር ምግብ አለ የሚል ምልክት ይሆንለታል።

ባለቤትሽን ደግሞ ወንጭፉን ይተው በይው። ሄሮን ከ1918 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የስደተኛ ወፎች ሕግ የተጠበቀ ነው። ማባረር፣ ማስፈራራት፣ መረብ መዘርጋት ይቻላል። ያለ ፈቃድ መጉዳት ግን በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል። ለሁለት ኮይ ብሎ ፍርድ ቤት መቆም አያዋጣም።

የቆሰለው ኮይ። ከሌሎቹ ጋር ከቆመ፣ ከዋኘ፣ ቁስሉም ጠባብና ንጹሕ ከሆነ አታውጪው። ማውጣቱ ራሱ ከቁስሉ የባሰ ድንጋጤ ነው፣ ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ መዳኑም ይዘገያል፣ ታገሺ። በየቀኑ የቁስሉን ዳር ብቻ እዪ። ዳሩ እየቀላ ከሰፋ፣ ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተነሳ ወይም ጥጥ የመሰለ ነገር ከበቀለበት ያኔ ለብቻው ትልቅ ገንዳ ያስፈልገዋል፣ የኩሬው ውሃ፣ የአየር ፓምፕ፣ ከላይ ክዳን፣ ምክንያቱም ይዘላል። ጨው በሊትር እስከ 3 ግራም፣ ቀስ በቀስ፣ በአንድ ቀን ሳይሆን። አዮዲን የሌለው፣ እንዳይጋገር የሚጨመርበት ነገር የሌለው ጨው ይሁን። ማጣሪያው ውስጥ ዚዮላይት (አሞንያ የሚመጥ ድንጋይ) ካለ አውጪው፣ ጨው ሲያገኘው የያዘውን አሞንያ መልሶ ይለቀዋል። ዋናው ኩሬ ላይ ይህን መጠን አትድፊ፣ ተክሎችሽን ይፈጃል። አንቲባዮቲክ ያለ እንስሳት ሐኪም አትንኪ።

አዲስ ኮይ ያልሽውን አሁን አይደለም እላለሁ። መረቡ ሳይዘረጋ የምትገዢው ለሄሮኑ ነው። መረቡ ተዘርግቶ፣ ውሃው ከ60 ፋራናይት በላይ ሆኖ፣ የቀሩት ወጥተው በደንብ መብላት ሲጀምሩ ግዢ፣ ያኔም ቢሆን አዲሶቹን ለብቻቸው ሳምንታት አቆይተሽ ነው የምትቀላቅያቸው። የኮይ ኸርፐስ ቫይረስ የሚባል ነገር አለ፣ ኩሬ ሙሉ ኮይ ይጨርሳል። የደነገጡት ዓሦችሽ ደግሞ አሁን እሱን የሚችሉበት አቅም ላይ አይደሉም።

የቁስሉን ፎቶና የውሃውን የምርመራ ቁጥር ላኪልኝ፣ ጨው ያስፈልገው እንደሆነ ያኔ እነግርሻለሁ።